ማማው ስንት ይሁን?

ሰኞ፣ መስከረም 26፣ ማታ

ዛሬም መኪናውን ውጭ ፓርክ አደረግኩ። ጋራዡን የአደን ማማዎቹ ይዘውታል። ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፣ ከነወንበራቸው፣ ከነመሰላላቸው። ሦስት ናቸው፦ የጌታሁን፣ የእኔ፣ የናሆም። ባሌ ካረፈ ወዲህ አንዱንም አልነካሁም። ጠዋት ጠዋት ከመስታወቱ ላይ በረዶ ስፍቅ ግን እረግማቸዋለሁ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልክ ጮኸ። ሚስተር ዌይን ናቸው። ሰማንያ ያለፋቸው ገበሬ። መሬታቸው እዚህ አሜሪካ ከምኖርበት ከተማ ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ፣ ወንዝ ዳር ነው። ጌታሁን የኤርፖርት ሹትል መኪና ሲነዳ ተሳፋሪው ነበሩ። አንድ የበረዶ ቀን ሌላው ሾፌር እምቢ ሲል እሱ እስከ በራቸው አደረሳቸው። በዚያው ተወዳጁ። በቀስት አጋዘን ማደን አስተማሩት። እሱ ደግሞ እኔንና ልጃችንን ናሆምን አስተማረን።

የደወሉበት ምክንያት፦ ሌሎች ቀስተኞች ዛፎቹን ጠይቀዋቸዋል። ቅድሚያው የእኔ ነው፣ የጌታሁን ሚስት ስለሆንኩ። ግን የፈረንጆቹ ኦክቶበር ሳያልቅ ልንገራቸው። ዘንድሮ ስንት ማማ እሰቅላለሁ? የትኛው ዛፍ ላይ? ካልሰቀልኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። አስቤ እደውላለሁ አልኳቸው።

ደብተሬ፣ ቦታው እንዲሄድብኝ አልፈልግም። ይኸን አውቃለሁ። ሌላውን ገና አላውቅም።


ረቡዕ፣ መስከረም 28

ከሥራ መልስ ማማዎቹን አወረድኩ። አቧራ። የሞተ ሸረሪት። የጌታሁን ወንበር ስር የለውዝ ልጣጭ።

ማማ ያለው እሱ ነው። ፈረንጆቹ የሚሉት ሌላ ነው። እኛ አገር በቆሎ ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት፣ ይኸ ደግሞ አጋዘን የሚጠበቅበት፣ ምን ልዩነት አለው ይል ነበር። እንጨት ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያው መጠበቅ ነው።

መታጠቂያዎቹን አየሁ። ሰው ከማማው ቢወድቅ ከዛፉ ጋር የሚያስረው ነገር ማለቴ ነው። የእኔና የጌታሁን አንድ አንድ ገመድ አላቸው። የናሆም ሁለት አለው። ለምን ሁለት? ትርፍ መስሎኝ ልፈታው ነበር። ተውኩት።

እራት፦ የትናንት ምስር። ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ለድምፁ ነው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ወንዙ ጋ ሄድኩ። ብቻዬን። ዛፎቹ ቢጫ ሆነዋል። ዱካ ሞልቷል፣ ትኩስ።

ማማ አጋዘን በሚያልፍበት ይሰቀላል። ይኸ የሁሉም ሕግ ነው። የእኛ ቤት ሌላም ሕግ አለው። እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ፣ በስመ አብ ተብሎ፣ በቢላዋ መባረክ አለበት። አለዚያ በክት ነው። ጌታሁን በክት አይበላም፤ እኔም አልበላም። እዚህ ያሉት አዳኞች ከወጉ በኋላ እዚያው ማማው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ቶሎ ከተከተልከው ይርቃል ይላሉ። ጌታሁን መች ይጠብቃል። ፍላጻው ከተለቀቀ እሱ መሬት ላይ ነው፣ ቢላዋ በእጁ። ለዚህ ነው ማማችን ዝቅ የሚለው። ሚስተር ዌይን መጀመሪያ ሲያዩት ዶሮ እንኳ ከዚህ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ታድራለች ብለው ስቀውብናል።

ሁለት የምንሰቅለውም ለዚሁ ነው። አንዱ ይወጋል። ሌላው በሚሸሽበት በኩል ሆኖ ይጠብቃል፣ ይደርሳል፣ ይባርካል። ሲለምድብን ወጊዋ እኔ ሆንኩ። እጄ ከእሱ ይልቅ ይጸናል፤ ራሱ ነው የመሰከረው። መባረኩ የእሱ ነበር። ሴት አታርድም። እናቴ አላረደችም፣ እናቷም አላረደችም። ዶሮ ይዛ በር ላይ ትቆምና ወንድ ትጠብቃለች።

እንግዲህ ስንት ማማ ማለት ይኸ ነው። አንድ ካልኩ፣ የሚባርክልኝ የለም። ሁለት ካልኩ፣ ሁለተኛው ማን ነው?

ናሆም ነው አልኩ። ሌላ ማን አለኝ። ሁለት ዛፍ መርጬ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። ሚስተር ዌይን መጡ፣ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ ኮፍያቸውን ገፉት። ፊት ለፊት ናቸው እኮ አሉኝ። አዎ አልኩ። ታዲያ ልጅሽን ልትወጊው ነው?

አፈርኩ። ማንም ማማ ፊት ለፊት አይሰቅልም። የመጀመሪያው ትምህርት ነው፣ ለናሆምም የደገምኩለት እኔ ነኝ። የዛሬውን ዛፍ ስመርጥ አጋዘኑን አላሰብኩም። ናሆም ሲቀመጥ ፊቱ የሚታየኝን ነው የመረጥኩት።

ጨርቁን ፈታሁ።


እሑድ፣ ጥቅምት 2

ቤ/ክ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሴት ብትባርክ ነውር ነው ወይ? አባ አሰቡ። ልማድ ነው እንጂ ሕግስ አይደለም አሉ። ቀጠሉና፣ ግን ወንድ ካለ ወንድ ይባርክ።

ወንድ ካለ። ከሌለስ ልል ነበር፣ ሰው መጣ።

የመጣው አቶ ግርማ ነው። ይቅርታ፣ ናቸው። ግሌንዴል ሰፈር የሚኖሩት። ሚስታቸው ከሞተች ቆየች። በጌታሁን ለቅሶ ጊዜ ወንበር ያመላለሱልኝ እሳቸው ናቸው፣ ውለታቸውን አልረሳም። ሻይ እየቀዱ ሰምተውናል። እኔ እያለሁ ምን አሳሰበዎት ወ/ሮ ዘነበወርቅ፣ ቢላዋ መያዝ አውቃለሁ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ነፃ ነኝ። ሦስት ሴቶች ዞረው አዩን። ከአንዷ ዓይን ውስጥ ሠርጋችን አልቆ መልሱ ተጠርቷል።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ናሆም ጋ ደወልኩ። ሳያነሳ ቀረ። ቴክስት አደረገ፦ ሚቲንግ ላይ ነኝ። ማታ መልሶ ደወለ። አደኑን ነገርኩት። ከዚያ፣ ኦኬ ማሚ፣ አይል ትራይ። እሞክራለሁ ማለቱ ነው። እሞክራለሁ የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያስጠላኝ።

ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ካፒቶል ሂል ተከራይቷል። እኔ መጀመሪያ አሜሪካ ስመጣ የተከራየሁበት ሰፈር ነው፤ ኮልፋክስ የሚባለውን ጎዳና ተሻግሮ ሁለተኛው መንገድ ላይ። ይህን ነግሬው አላውቅም፣ ዛሬ ለአንተ ልንገርህ ደብተሬ።

ሦስት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። ፋሲካ ደረሰ። አንዷ ከሥራ ቦታዋ ሰው ጠይቃ ነፍስ ያለው ዶሮ አመጣች። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ከተትነው። ይጮኻል። ወንድ የለም። አሜሪካን ያህል አገር ወንድ የለም። እኔ ነኝ በረንዳ ላይ ወጥቼ አላፊ አግዳሚውን የማየው። አንድ ረጅም ልጅ የሥራ ቦርሳ አንግቶ ወደ አውቶቡሱ ሲሄድ አየሁ። መልኩ የእኛ ነው። ወንድም፣ ክርስቲያን ነህ? አልኩት ከላይ ሆኜ። ቀና አለ። ነኝ፣ ምን ላድርግ? አለ። ምንድን ነው አላለም፣ ማን ነሽ አላለም።

ዶሮውን ባረከ፣ እጁን ታጠበ፣ አውቶቡሱ አመለጠው። ጌታሁን ነበር።

ሆድ ባሰኝ። ይብቃ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አቶ ግርማን ይዤ ሄድኩ። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን አትሳቅ።

በክራቫት መጡ። ጫማቸው ፊት ያሳያል። ታጣፊ ወንበር፣ ትራስ፣ ፔርሙስ። ማማ የሚሰቀልበትን ዛፍ ሳሳያቸው፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሥጋ መጠበቅ የነብር ሥራ ነው አሉ። እሳቸው ከታች ይጠብቃሉ፣ መኪና ውስጥ፣ ሂተሩን ከፍተው። እሺ፣ ታዲያ አጋዘኑ ወድቆ እርስዎ ከመኪና እስኪወጡ? ጡሩምባ ይንፉልኝ አሉ።

ወንዙ ዳር ይዣቸው ዞርኩ። ዝም እንዲሉ ለመንኳቸው። ስለ ስኳራቸው አወሩ። ስለ ኪራያቸው። ስለ እህታቸው ልጅ። ከሸምበቆው ውስጥ ሁለት እንስት አጋዘኖች ጅራታቸውን ነጭ አድርገው ፈረጠጡ። አዩ፣ አጋዘኖቹ አሉ እኮ! አሉኝ በደስታ። አሉ ሳይሆን፣ ነበሩ።

ስንመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ኦሮራ ልንገባ ስንል፣ አንድ እንጨት አይነድም ወ/ሮ ዘነበወርቅ አሉ፣ መንገዱን እያዩ። እርስዎም ብቻዎን፣ እኔም ብቻዬን። አጋዘኑም ይቅርብን፣ በግ እገዛለሁ።

ቀልድ አልነበረም። አላሳቀኝም፣ አላስከፋኝም። ጥሩ ሰው ናቸው። ግን ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ሰው ነበረ፣ እኔም ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነበርኩ። እንዲያውም ከሌላው ቀን የባሰ። ይኸን እንዴት ብሎ ሰው ለሰው ይናገራል? አመሰግናለሁ፣ ግን አይሆንም አልኳቸው። አውቄዋለሁ፣ መጠየቁ አይጎዳም ብዬ ነው አሉ። በራቸው ላይ ሳወርዳቸው ትራሳቸውን ረሱ። ነገ ቤ/ክ እወስድላቸዋለሁ። ያቺ ዓይኗ ሠርግ የሚደግሰው ሴትዮ ትራስ ይዤ ስታየኝ ደግሞ ክርስትና ታነሳልኛለች።


ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሥራ። አረጋውያኑን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት። አንዷ እናት፣ ልጄ መጣ ወይ ብላ በየሰዓቱ ትጠይቀኛለች። እየመጣ ነው እላታለሁ። ዛሬም አልኳት።

ከናሆም ምንም የለም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ናሆም ቴክስት አደረገ። ቅዳሜ ይመጣል። ማማ ሊሰቅል። ራሱ ነው ያለው።

ጥብስ አወጣሁ ከፍሪዘር። መልሼ አስገባሁ፣ ገና ሐሙስ ነው። ቤቱን ጠረግኩ፣ አድሮ ነው መሰለኝ የሚሄደው። አድራለሁ አላለም። ቢሆንም አልጋውን አነጠፍኩ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ቁርስ አልበላም አለ። በጌታሁን የድሮ መኪና ሄድን። መንገድ ላይ ሳቅን፣ የአቶ ግርማን ጡሩምባ ስነግረው።

ዛፎቹን አስተካክዬ መርጫለሁ። ፊት ለፊት አይደሉም። የእኔ ወንዙ መታጠፊያ ላይ፣ የእሱ ከኋላዬ፣ በሚሸሹበት በኩል። ተቀምጠን አንተያይም። እንደሚገባው።

መሰላሉን አቆምን። እሱ ልውጣ አለ። ወጣ። ግማሹ ላይ ቆመ። ማሰሪያውን ሳቀብለው እጁን ሲዘረጋ አየሁ፣ ሌላኛው እጁ ግንዱን አቅፏል። ልጅ እናቱን እንደሚያቅፍ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ናሆም፣ ውረድ አልኩት። አይም ፋይን፣ ደህና ነኝ አለ። ውረድ አልኩህ። ወረደ። ግንዱ ስር ቁጭ አለ፣ ላብ አጥምቆታል፣ በዚህ ብርድ።

ከዚያ ነገረኝ። ማሚ፣ አይ ኔቨር ላይክድ ኢት። አደኑን አልወደውም ነበር። ሃይት፣ ከፍታ እፈራለሁ፣ ከድሮም።

አባትህ እየፈራህ ነበር የሚያወጣህ? አልኩ፣ ሙት ላይ ተቆጣሁ። ኖ፣ አለ። እኔ ነኝ የለመንኩት። ከእሱ ጋር ለመሆን። አባዬ ያውቅ ነበር። ሁለቴ ነበር የሚያስረኝ። አንዱ ገመድ ለአንተ፣ አንዱ ለፍርሃትህ ይለኝ ነበር። ለእናትህ ግን አትንገር፣ ታስብብሃለች።

ሁለቱ ገመድ። ትርፍ መስሎኝ ልፈታው የነበረው።

መሬት ላይ ቆሞ ቢጠብቅልኝስ ብዬ አሰብኩ፣ አሁንም አልተውኩም። ቢላዋውን ከሰገባው አውጥቼ አሳየሁት። ፊቱን መለሰ። ያኔ ትዝ አለኝ፣ አባቱ ሲባርክ ናሆም ሁልጊዜ ጀርባውን ይሰጠን ነበር። ያኔ ጸሎት የሚያደርስ ይመስለኝ ነበር።

ከፈለግሽ እመጣለሁ ማሚ፣ ለአንቺ ስል እመጣለሁ አለ። ከልቡ ነው። አባቱን ይመስላል እንዲህ ሲል። አልፈልግም፣ ብቻዬን ይሻለኛል አልኩት። ትከሻው ወረደ። ተነፈሰ።

ዋሽቼ ነው።

አላደረም። ማታ ጓደኞቹ ጋ ቀጠሮ አለው። ጥብሱን በዕቃ ቋጥሬ ሰጠሁት። ሁለቱንም ማማ ሳንሰቅል ይዘን ተመለስን።


እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቤ/ክ አልሄድኩም።

የተነጠፈው አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ናሆም ስላልመጣልኝ አይደለም፤ መጥቷል እኮ። ያን ሁሉ ዓመት ሦስታችን አንድ ላይ የነበርን ይመስለኝ ነበር። ለካ እነሱ ሁለቱ የሚያውቁት ነበራቸው፣ እኔ ከማማዬ ላይ ሌላ አቅጣጫ እያየሁ ነበር። ቀናሁባቸው። አንዱ የሞተ፣ አንዱ ልጄ፣ ቀናሁባቸው።

ደግሞም ደስ አለኝ። ልጄ ሲፈራ ሁለቴ የሚያስረው ሰው ነበረው።

እኔንስ? እኔ መፍራቴን ለማን ተናግሬ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

የሚስተር ዌይን ቀን እየደረሰ ነው።

እምቢ ልበላቸው? ማማዎቹን ለሚገዛ ልሽጥ፣ ጋራዡ ውስጥ መኪናዬን ላቁም፣ በረዶ መፋቁ ይቅርልኝ። ሰውም እንደዚያ ነው የሚመክረኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉኛል ዛፍ ላይ ወጥቼ ብሰበር። ግን እኔ ብብት ውስጥ ምን አለኝ? ሥራ አለኝ። ቴሌቪዥን አለኝ። ወንዙ ዳር ጎህ ሲቀድ፣ ውሃው ላይ ጭጋግ ሲነሳ፣ ሳልናገር ብውል ማንም ዝም አልሽ አይለኝም። ቤት ውስጥ ዝምታው ይከብደኛል። እዚያ ዝም ማለት ሥራው ነው። ለዚህ ነው የማልተወው። ሥጋው ሁለተኛ ነው፤ ከሰቀልኩ ግን እወጋለሁ፣ ከወጋሁ ደግሞ በክት አላደርግም። እንስሳን ያህል ነገር ገድዬ ለጅብ አልጥልም።

ከመተኛቴ በፊት ቀስቱን አውጥቼ ስቤ አየሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ደወልኩ። አንድ አልኳቸው።

አንድ? አሉ። አንድ። የት? የወደቀው ግንድ አጠገብ፣ አጋዘኖቹ ውሃ ሊጠጡ ቀስ ብለው በሚወርዱባት። የጌታሁን ዛፍ አይደለም፣ የእኔም የድሮው አይደለም። ከድሮው ዛፌ ላይ ሩቅ ይታይ ነበር፤ ይኸኛው ምንም አያሳይም። ግን ቅርብ ነው። ባጠገቤ ያልመጣውን አልወጋም። ማማውም ዝቅ ይላል፣ ከድሮውም ዝቅ፣ እንደወረድኩ እንስሳው ጋ እንድደርስ። የዶሮ ቆጥ አሉ ሚስተር ዌይን። አዎ፣ የዶሮ ቆጥ።

ሌሎቹን ዛፎች ለጠየቋቸው ይስጡ። ይህንም አልኩት።

አንድ ነገር ግድ አሉኝ። ብቻዬን ከሆንኩ ስወጣ ቴክስት፣ ስወርድ ቴክስት። ወረድኩ ካላልኩ እስከ ዛፉ ድረስ ይመጣሉ፣ ጉልበታቸው ቢያምም። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ከሥራ ስመለስ ገባሁ የምለው ሰው የለኝም። ከዛፍ ስወርድ ግን ወረድኩ የምለው አገኘሁ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሰቀልኩት። ብቻዬን። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ክርኔ ተላጠ። መታጠቂያ ሳስር ቆም አልኩ። የናሆምን ነው ያመጣሁት፣ ባለ ሁለት ገመዱን። ሁለቱንም አሰርኩ።

ማንም አላየኝም።


እሑድ፣ ጥቅምት 30

አባን ዛሬ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ወንድ ካለ ወንድ ይባርክ ብለውኝ ነበር፣ ከሌለስ? አልኳቸው። አዩኝ። ያዩኝ አስተያየት ረጅም ነበር። ከሌለ እኮ ልጄ፣ አንቺ አለሽ አሉ።

ከዚያ ሌላ ሰው ሊያናግራቸው መጣ። ሁልጊዜ ሰው ይመጣል።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

የነቢያት ጾም እየመጣ ነው፣ ከመጪው ሳምንት በኋላ ሥጋ የለም። ነገ ካልቀናኝ አንድ ቅዳሜ ብቻ ይቀረኛል።

ቢላዋውን ሞረድኩ። የጌታሁን ነው፣ እጀታው ለእጄ ይሰፋል፣ ጨርቅ ጠመጠምኩበት። ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ በስመ አቡን ጮክ ብዬ አልኩ፣ ለልምምድ። ቃሉን በቀን ስንቴ እላለሁ፣ ስነሳ፣ ስበላ፣ መኪና ሳስነሳ። በቢላዋ ሲሆን ሌላ ሆነብኝ። ድምፄ የሌላ ሰው።

ናሆም ደወለ፣ ጉድ ለክ፣ ይቅናሽ ሊለኝ። ደግሞም፣ ሁለቱንም እሰሪ አለኝ። አስሬአለሁ አልኩት።

ፈርቻለሁ ደብተሬ። ከፍታውን አይደለም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ማማው ላይ

በእርሳስ ነው፣ እስክሪብቶው በብርድ እምቢ አለ። ለሚስተር ዌይን ወጣሁ ብያቸዋለሁ። የአውራ ጣት ምልክት ላኩልኝ።

ውሃው ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል። ጎህ እየቀደደ ነው። ከኋላዬ ባዶ ዛፍ አለ፣ ሁለተኛው ማማ ይሰቀልበት የነበረው። ሁለቴ ዞሬ አየሁት። አሁን ተውኩት።

ቢላዋው ወገቤ ላይ ነው። ከባድ ነው፣ እሱ ሲታጠቀው ቀላል ይመስል ነበር።

አንዲት ወፍ። ሌላ የለም። ያን ቀን ጌታሁንን ከበረንዳው ባልጠራው ኖሮስ እያልኩ ነበር። ሌላ ሰው ዶሮውን ይባርክ ነበር፣ አውቶቡሱም አያመልጠውም ነበር። እዚህም አልቀመጥም ነበር።

ሸምበቆው ተንቀሳቀሰ። ነፋስ የለም።

አንዲት አጋዘን ናት። ግንዱ ጋ ቆማለች። አላየችኝም። ቅርብ ናት፣ ትንፋሿ ይታየኛል።

መንገድ ላይ የማቆመው ሰው የለም። ራሴን ጠየቅኩ፣ እንደዚያን ቀን፣ ክርስቲያን ነሽ?

ነኝ። ምን ላድርግ?

ወደ ውሃው እየወረደች ነው። ልዝጋህ። በስመ አ